ዓሦቼ በሳምንት ውስጥ ለምን አለቁ? ለደሴው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው ከአዲስ አበባ አራት ጎልድፊሽና ስድስት ጋፒ ገዝቶ 60 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አስገባ። ውሃው ንጹሕ እንዲሆን ብሎ በየሦስት ቀኑ ሙሉውን እየደፋ በአዲስ የቧንቧ ውሃ ይተካዋል። ጠጠሩንና የፊልተሩን ስፖንጅ በበረኪና ያጥባል። በቀን ሦስት ጊዜ የዳቦ ፍርፋሪ ያበላል። ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ጀመሩ፤ በስምንተኛው ቀን አንድም አልተረፈም። «የደሴ ውሃ ለዓሣ አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ብርዱና ከፍታው ነው? ከሐይቅ ቆሮሶ አምጥቼ ባስገባስ? እሱ እንኳ የአገሩን አየር የለመደ ነው» ይላል። ሐይቅ የሚለው ከደሴ በስተሰሜን ያለውን፣ ስሙም ሐይቅ የሆነውን ሐይቅ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው።

አብሽር ወንድሜ። የደሴ ውሃ ዓሣ ያኖራል። ከፍታውም ብርዱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ እመጣበታለሁ። ዋናው ገዳይ ግን አሞኒያ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪንም አግዞታል። አሞኒያው መውጫ ያጣው ደግሞ ያ ሁሉ እጥበት ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ቆሻሻውን በብዛት የሚያስወጣው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካል በኩል ነው፤ የሚወጣውም አሞኒያ ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በሐይቅ ውስጥ ይህ አያሳስብም፣ ውሃው ብዙ ነው። በ60 ሊትር ውስጥ ግን ዓሣው የገዛ ቆሻሻውን መልሶ ይተነፍሳል። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ስንጥብ ኦክስጅን መሳብ ያቅተዋል። ዓሣህ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ያየኸው ይህንን ነው። ውሃው ለዓይን ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል። አሞኒያ ቀለም የለውም፣ በዚህ መጠን አይሸትም፣ በዓይን አይለይም።

ታዲያ ሌላው ሰው ዓሣ የሚያኖረው እንዴት ነው? በባክቴሪያ ነው። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይጓጓዝ ያደርጋል። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል፤ በየሳምንቱ ከውሃው ጥቂቱን በመቀየር ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ አይደሉም። ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። አንተ በበረኪና ያጠብከው እነሱን ነው። መባዛት በጀመሩ ቁጥር ታጥበው ሄዱ፣ አሞኒያውን የሚበላ ጠፋ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታረባው ባክቴሪያውን ነው፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በደንብ የሞቀ ውሃ ውስጥ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ይዘገያል። ያን ያህል ጊዜ ባዶ ገንዳ ማየት እንደሚሰለች አውቃለሁ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ገንዳው ዛሬ ተገዝቶ ዓሣው ነገ ይገባል፣ ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል፣ ከዚያ «የእኛ አገር ውሃ አይሆንም» ተብሎ ገንዳው ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ያሳዝነኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዳውን በጠጠር፣ በፊልተርና በውሃ አሰናዳ። ፊልተሩ ቀንም ሌሊትም ይሥራ። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ካለህ ወደ 26 ዲግሪ አድርገው። ከዚያ ለዓሣ እንደምታበላ አድርገህ በየቀኑ ቁንጥር የምታህል የዓሣ ምግብ ጣል። ምግቡ ይበሰብስና አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው እሱን እየበላ ይባዛል። በመሐል ውሃው ወተት የተንጠባጠበበት ያህል ሊደፈርስ ይችላል። አትደፋው፣ በራሱ ይጠራል።

ይህንን የሚያሳጥር አንድ መንገድ አለ። ዓሣ በደህና የሚያኖር ሰው ካወቅክ፣ ከፊልተሩ የስፖንጅ ቁራጭ ለምነው። ሊጥ ለማቡካት ከጎረቤት እርሾ እንደመዋስ ነው። ቁራጩን እዚያው ገንዳ ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ሳይደርቅ ወስደህ ከራስህ ፊልተር ጋር አድርገው። ሥራው በሳምንታት ይቀልልሃል። የሰውየው ዓሦች ጤነኛ መሆናቸውን ብቻ አረጋግጥ፤ በሽታም አብሮ ይመጣል።

መቼ እንደደረሰ የሚነግርህ የውሃ መመርመሪያ ነው። ከአዲስ አበባ ዓሣ ስትገዛ አብረህ ግዛ፤ ከጌጡ ቤተ መንግሥትና ከፕላስቲክ አበባው ይልቅ ገንዘብህን እዚህ ላይ አውለው። ምግብ እየጣልክም አሞኒያው ዜሮ፣ ናይትራይቱ ዜሮ፣ ናይትሬቱ ደግሞ ከፍ ብሎ ከታየ ገንዳው ደርሷል። መመርመሪያ ካጣህስ? እንግዲያውስ ሁለት ሦስት ጠንካራ ዓሣ ብቻ አስገባ፣ በጣም ጥቂት አብላ፣ ለአንድ ወር በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይር። ይህ ለዓሦቹ ፈተና ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫዬ አይደለም። ግን ይሠራል።

አሁን ስለ ደሴ ውሃ እንነጋገር። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ። ለእኛ ጥሩ ነው፤ ዓሣንም ባክቴሪያንም ግን ይጎዳል። ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ይህን ችግር ሳያውቀው ግማሹን ፈትቶታል፤ ምክንያቱም ውሃ ያጠራቅማል። ክሎሪን አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆይ ተንኖ ይወጣል። በተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ግን ቶሎ አይወጣም፤ ሮቶውም ዛሬ ጠዋት ከተሞላ ውስጡ ያለው ትኩስ የቧንቧ ውሃ ነው። ስለዚህ የዓሣ ብቻ የሚሆን ባልዲ ለይ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ከመቀየርህ ከሁለት ቀን በፊት ቀድተህ ክፍት አድርገህ አስቀምጠው። በክረምት የቧንቧው ውሃ የክሎሪን ሽታ ከበረታበት አንድ ቀን ጨምርለት። ውሃ አጋር የገባበትን የመጠጥ ውሃ ለገንዳው አትጠቀም፣ እሱም ክሎሪን ነው። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ክሎሪን የለውም፤ ግን ከመሬት እንደወጣ ኦክስጅኑ ዝቅተኛ ሊሆን ስለሚችል ሌሊቱን በአየር ፓምፕ አናፍሰው።

ውሃው ማዕድን የበዛበት መሆኑን ለማወቅ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ማዕድን የበዛበት ነው። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የተባሉት ዓሦች እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዱታል። ለእነሱ ስትል ምንም ማስተካከል አያስፈልግህም። ጠጠር ከቦርከና ወይም ከሌላ ወንዝ የምታመጣ ከሆነ ከከተማው በላይ ካለው ቦታ አምጣ። ቤት ስትደርስ ጥቂት ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርግ። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነውና ውሃውን እያደነደነ ይሄዳል፤ ዝም ካለ ደህና ነው። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ በባዶ ውሃ ብቻ እጠበው። ሳሙና የለም፣ በረኪና የለም።

ወደ ከፍታው ልምጣ፤ ጥያቄህ ልክ ነው፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ ደሴ ላይ ግን 6 ገደማ ነው። ዓሣ በዚህ ይኖራል። ትርፍ ግን የለውም። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ «ለዚህ ገንዳ አሥር ዓሣ ይበቃል» ካለህ፣ አንተ ሰባት አድርገው። የአየር ፓምፕም ደሴ ላይ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ፓምፑ የውሃውን ገጽ ማናወጡ ነው ቁም ነገሩ፤ አየር ወደ ውሃው የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ ለደሴ በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖር ዓሣ በኦክስጅኑም በብርዱም በኩል ይሻላል።

ብርዱስ? ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ቤት ውስጥ ሳይቀር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አንተ ታውቀዋለህ። ጋፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ያለ ሂተር ደሴ ላይ አይሆንም። ለ60 ሊትር 100 ዋት ሂተር ይበቃሃል። ውሃ ስትቀንስ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው፤ በርቶ ከውሃ ውጭ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ኮምቦልቻ ያለ ጠያቂ ቢሆን ሌላ መልስ እሰጠው ነበር። ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ያለች ናት፤ ከደሴ ስለምትሞቅ ብርዱ እንዲህ አያስቸግርም።

ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይችላል። ብርዱ ለእሱ ችግር አይደለም። ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ ለ60 ሊትር ደግሞ ፈጽሞ። ስትገዛው አውራ ጣት ያህላል። በደንብ ከተያዘ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል፣ ከአሥር ዓመት በላይም ይኖራል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያስወጣል። አራቱ ጎልድፊሾችህ ብቻቸውን ያንን ገንዳ ሊመርዙት ይችሉ ነበር። በዚያ ላይ ከጋፒ ጋር የሙቀት ፍላጎታቸው አይገጥምም። የሻጩ ጥፋት ነው ብዬ አስባለሁ፤ አንድ ላይ ሲሸጥልህ ሊነግርህ ይገባ ነበር።

እኔ አንተን ብሆን ዜብራ ዳኒዮ እፈልጋለሁ። ቁመቱ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ነው፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ሰንበር አለው፣ ያለ ዕረፍት ይዋኛል። ከ18 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚመቸው ሂተሩን ዝቅ አድርገህ መያዝ ትችላለህ። ብቻውን ይፈራል፤ ስድስት አድርገህ ያዘው። ካላገኘህ ሂተር ግዛና ጋፒ ያዝ። ግን ወንድ ወንዱን ብቻ ውሰድ። ወንዱ ትንሽ ነው፣ ጭራው ያማረ ባለ ቀለም ነው፤ ሴቷ ደብዛዛና ሆደ ትልቅ ናት። አንዲት ሴት ጋፒ በየወሩ ገደማ ጫጩት ትወልዳለች። የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታስቀምጥ ብቻዋን ብትገዛትም ትወልዳለች። በመጀመሪያ ዓመትህ ይህ ጣጣ አያስፈልግህም።

ስለ መንገዱም ላስታውስህ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ጣርማ በርን በብርድ ያቋርጥና ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ እንደገና ደጋ ይወጣል። በላስቲክ ውስጥ ያለው ዓሣ ይህን ሁሉ የአየር ለውጥ በአንድ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ላስቲኩን ክዳን ያለው የፎም ሳጥን ውስጥ አድርገው። ላስቲኩ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን። ሻጩ ኦክስጅን የሚሞላ ከሆነ እሱን ጠይቅ። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን እንዳይበሉ ንገረው።

ቤት ስትደርስ የምታደርገው ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በረጅም ጉዞ ላስቲኩ ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። ዓሣው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ውሃውን ስለሚያኮመጥጠው፣ አሞኒያው ብዙም ጉዳት በማያደርስ መልኩ ይቆያል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ አሞኒያው ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ላስቲኩን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ከዚያ ክፈተውና ሳትዘገይ ዓሣውን በመረብ አውጥተህ አስገባው። የላስቲኩን ውሃ ድፋው እንጂ ገንዳው ውስጥ አትጨምረው። መብራቱን አጥፋ። የዚያን ቀን አታብላ።

ምግብን በተመለከተ ዳቦውን ተወው። ያብጣል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃ ያበላሻል። የዓሣ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ስጥ። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም ይጠቅማቸዋል።

ውሃውን በሳምንት አንዴ፣ ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይር። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከጠጠሩ መሐል ቆሻሻውን እየሳብክ ባልዲ ውስጥ አውርደው። ስፖንጁ ከተደፈነ በዚያው ባልዲ ባወጣኸው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። ቡናማ ጭቃ ይወጣል፤ ግማሹ ከቀረበት ደህና ነው። ከቧንቧው ሥር አትውሰደው። የምትጨምረው ውሃ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ሙቀት ይኑረው። በእጅህ ዳስሰህ ልዩነቱ ከተሰማህ ትንሽ የፈላ ውሃ ቀላቅልበት።

ገንዳውን የት አኖርከው? ቡና ከሚፈላበት አርቀው። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃ ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ የከሰሉም የዕጣኑም ጭስ አብሮ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ፍሊት ነው። ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው መድኃኒት ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው፤ ጥቂቱ ይገድላል። ቤቱ ውስጥ ሲነፋ ፓምፑን አጥፋ፣ ገንዳውን በላስቲክና በእርጥብ ፎጣ ሸፍን፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አትክፈተው። በመስኮት በኩል ቀጥታ ፀሐይ የሚመታበት ቦታም አይሁን፤ በአረንጓዴ አልጌ ይሸፈናል።

መብራት ሲጠፋ አትደንግጥ። ለአንድ ሁለት ሰዓት ምንም አይሆኑም። ከረዘመ በየጊዜው በኩባያ ከገንዳው ውሃ እየቀዳህ ከከፍታ መልሰህ አፍስስበት፤ አየር ይገባል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ካገኘህ ግን ግዛ። ሌሊት ከሆነ ገንዳውን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ከላይ ለአየር ክፍት ተው። እስኪመጣ አታብላ። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ፊልተሩን ከማብራትህ በፊት በውስጡ የቆመውን ውሃ ድፋ። ኦክስጅን ባጣው ስፖንጅ ውስጥ የሞተው ባክቴሪያ በስብሶ ይቆያልና።

የመጨረሻው የሐይቁ ቆሮሶ ነው። ሐሳብህ ይገባኛል፤ ቅርብ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የወሎን አየር ያውቃል። ግን ቆሮሶ የመብል ዓሣ ነው። ከጎልድፊሽ ይበልጥ ያድጋል፣ ይጣላል፣ ወንዱ ቦታ ከያዘ ሌላውን እያሳደደ ያደክማል። 60 ሊትር አይበቃውም። በሐይቅ ያለውም ሙቀት እንደ ደሴ አይደለም።

ቆሮሶ ራሱ ለሐይቅ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው። ዛሬ የአጥማጆቹ እንጀራ ነው። ያ ታስቦበት የተደረገ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይታሰብ የሚደረገው ነው። አንድ ቀን ዓሦቹ ይሰለቹሃል፣ ወይም ይበዙብሃል፣ ወይም አገር ትለቃለህ። ያኔ «አዝንላቸዋለሁ፣ ሐይቅ ወስጄ ልልቀቃቸው» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። እባክህ አታድርገው። ሐይቅ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ወንዝ የማይወጣበት ሐይቅ ነው። ጋፒም ጎልድፊሽም በሌሎች አገሮች ከተለቀቁ በኋላ ተራብተው ለአገሩ ዓሣ ጠንቅ ሆነዋል። ከሱቅ የመጣ ዓሣ የሚያመጣው በሽታና ጥገኛ ትልም አለ። ሐይቅም ሆነ ጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ፣ ቦርከናም ሳይቀር፣ ዓሣው አንዴ ከገባ በኋላ ማንም አያወጣውም። የገንዳህን ውሃ ስትደፋም ወንዝ ዳር ሳይሆን አትክልት ሥር ድፋው፤ ናይትሬት ስላለበት ለጎመኑም ማዳበሪያ ይሆነዋል። ዓሣው ከበዛብህ ለሌላ ጀማሪ ስጠው፤ ስትሰጠው ከፊልተርህ ስፖንጅ ቆርጠህ ጨምርለት።